«እነሱ ናቸው የሚኖሩት» ለምንል ሰዎች



በዋሽንግተን አካባቢ፣ አውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራችንን ስንጠብቅ፣ ከሀገር ቤት ሰንብቶ የተመለሰ ወዳጅ አይጠፋም። ወሬውም አንድ ነው። «ኑሮ ማለት የገጠር ኑሮ ነው! አየሩ ንጹሕ፣ ቢል የለ፣ ጥድፊያ የለ። እነሱ ናቸው የሚኖሩት፤ እኛማ ባሮች ነን» ይላል። ፎቶግራፉም ይዞራል። እኔም እንዲህ ካሉት አንዱ ነበርሁና ዛሬ ብዕር ያነሣሁት አስቀድሜ ራሴን ለመክሰስ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከባሕር ዳር መኪና ተከራይተን ወደ ፎገራ ሄድን። ታክሲ ነጂ ከመሆኔ በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ስለ ነበር መንገዱን ሙሉ ትምህርት ሰጠኋቸው። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ እንደ ተዘረጋ፣ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው እንደሚያጥለቀልቁት፣ ቀድሞ በፎገራ ከብት ግጦሽ ይታወቅ የነበረው ይህ ረግረግ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስተዋወቁበት ወዲህ መልኩን እንደ ለወጠ አስረዳኋቸው። እውነት ነው፤ ግን የመጽሐፍ እውነት ነው።

የደረስነው ከአንደኛው ጓደኛችን የሩቅ ዘመድ ቤት ነበር። አባወራው ከልጆቻቸው ጋር ማሳ ላይ ነበሩ። እኛን ሲያዩ ማጭዳቸውን አስቀምጠው መጡ። «ቤት ለእንግዳ!» ተባለ፣ ዶሮ ታረደ፣ ከጤፍና ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። እኔ ማጭድ ይዤ ፎቶግራፍ ተነሣሁ፤ አንዲት ጭብጥ እንኳ አላጨድሁበትም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስንጫወት ዋልን።

ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። «ዝናቡ ለሰብሉ ጥሩ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ! አባወራው ፈገግ ብለው፣ «ያጨድነው ገና መሬት ላይ ነው፣ መምህር። ዛሬ ልንከምረው ነበር። ግድ የለም፣ የእንግዳ ቀን ነው» አሉኝ።

ሌሊት ባሕር ዳር ተኝቼ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰማሁ። በማግሥቱ ደውዬ ምን እንዳደረሰ አልጠየቅሁም። ምሳ ላይ ሩዝ ስናዝ አስተናጋጁ «የውጭ ነው» ብሎ በኩራት ነገረን፤ እኛም ደስ አለን። ፎገራ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው!

እንግዲህ «ቢል የለባቸውም» የሚለውን ንግግር እንመርምር። የማዳበሪያ ዕዳ ቢል አይደለም? ለልጆች ሲካፈል እየጠበበ የሚሄደው መሬት ቢል አይደለም? ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ወገብ እስኪቆረጥ ጎንብሶ አረም በእጅ መንቀልስ? ሩዙ ወፍጮ ላይ ሲሰባበር ነጋዴው ዋጋውን ይጥለዋል፤ ሀገሪቱም አብዛኛውን ሩዟን ከውጭ ስትገዛ ኖራለች። እኛም ለበዓላችን የባስማቲ ከረጢት ተሸክመን እንገባለን። የእኛም ድካም እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የሳምንት ሥራችንን አስፈትቶን፣ ምሳችንን በልቶ፣ «አየራችሁ እንዴት ደስ ይላል!» ብሎን የሄደ እንግዳ የለም።

«ታዲያ አትሂዱ ነው የምትለን? እንግዳ መቀበል ባህላችን አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ሂዱ እንጂ! ነገር ግን ባህላችን ወንፈልና ደቦም አለው። በአጨዳ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ወረታ ላይ ምሳችሁን በልታችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ እጃችሁን፣ ካልቻላችሁ የአንድ ቀን ሠራተኞች ደመወዝ ይዛችሁ ድረሱ። ስትመለሱ ሩዛቸውን በዋጋው ግዙ። ሆቴል ስትገቡም «የፎገራ ሩዝ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠያቂ ሲበዛ አቅራቢው ይመጣል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀጣጠለ ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ የሚሄዱበት አልሆነም። ስንቶቻችን «ዕረፍታችን ተበላሸ» ብለን አማረርን! ማዳበሪያው ደረሰ ወይ፣ ሰብሉ ገባ ወይ ብለን የደወልንስ ስንቶቻችን ነን? መልሱን ለየራሳችን እተወዋለሁ።

ያ ፎቶግራፍ አሁንም እቤቴ አለ። ማጭዱ በእጄ ነው፤ ከኋላዬ የታጨደው ሩዝ እንደ ተኛ ይታያል። ስለዚህ፣ ወዳጄ፣ ከእንግዲህ ሰልፉ ላይ «እነሱ ናቸው የሚኖሩት» ስትለኝ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፦ አንተ የሄድህ ዕለት ስንት ነዶ ሳይከመር አደረ?