ከሰርተፊኬቱ በኋላ ያለው አማና



ምሕንድስናውን ጨርሰን ለፓይለትነት ወይም ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ለመወዳደር የምናስብ አለን። ወሬያችን ግን «የጤና ምርመራውን እንዴት እንለፍ?» ከሚለው አይዘልም። ካለፍን በኋላስ?

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት መሠረት የንግድ በረራ ፓይለት አንደኛ ክፍል፣ ተቆጣጣሪ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል የሚባል የጤና ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ቢበዛ ለ12 ወር፣ ሁለተኛው ቢበዛ ለ48 ወር ያገለግላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው ግን የምርመራውን ዕለት ሰው ነው። በቀሩት ቀናት ጤናው መጓደሉን ያወቀ ባለሙያ ራሱ ከሥራው እንዲታቀብ መስፈርቱ ያስገድደዋል። በእኛ ቋንቋ ይህ አማና ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2015 ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ይበር የነበረን የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ረዳት አብራሪው ሆን ብሎ ከፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ጋር አላተመው። 150 ሰዎች አለቁ። የጤና ሰርተፊኬቱ ጊዜው አላለፈበትም። ሐኪም የሕመም ፈቃድ ጽፎለት ነበር፤ እሱ ግን ለአሠሪው አልሰጠም። የፈረንሳይ መርማሪዎች፣ የመብረር መብቱንና ገቢውን የማጣት ስጋት ለዝምታው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጠቅሰዋል።

ይህ ጥፋቱን አያቀልለትም። ነገር ግን «ታምሜአለሁ» ያለን ሁሉ ከእንጀራው የሚያፈናቅል አሠራር መደበቅን ያስተምራል። በጭንቀት የታመመ ሁሉ አደገኛ አይደለም፤ ታክሞ ወደ በረራ የሚመለስም አለ። አውሮፓ በ2018 ባወጣችው ደንብ ከሥነ ልቦና ምዘና ጎን ለጎን ፓይለቶች ችግራቸውን ለሙያ ባልደረባ የሚያዋዩበት የድጋፍ ፕሮግራም እንዲኖር ያስገደደችው ያለ ምክንያት አይደለም። ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ እውነት የተናገረ ሰው ከለላ ሊኖረው ይገባል።

ዲናችን ለታመመና ለመንገደኛ በረመዳን ማፍጠርን ፈቅዷል። ድካምን ማመን ነውር ቢሆን ኖሮ ይህ ፈቃድ ባልመጣ ነበር። እንግዲያው ፎርሙ ላይ «ሕመም አለብህ?» ሲባል እውነቱን እንጻፍ። የታመመ ጓደኛችንንም «ኢማንህ ደክሞ ነው» እያልን አናሸማቅቀው፤ ወደ ሐኪም አብረነው እንሂድ። ዛሬ በዶርም ያልለመድነውን እውነት ነገ በኮክፒት አንናገረውም።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።