ካሚዮኑ በከተማው በር ሲቆም ኪሳራው የገበሬው ነው

ገበሬው ለእህሉ የሚያገኘው ዋጋ በማሳው ላይ ባፈሰሰው ጉልበት ብቻ አይወሰንም። እህሉን የጫነው ካሚዮን ከፋብሪካው ግቢ ገብቶ እስኪያራግፍ የሚፈጀው ጊዜም ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የኢንዱስትሪ ሠፈሮች ስለ ጭነት መኪና መንገድና ማራገፊያ የሚወጣው ፕላን የከተሜው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም ጉዳይ ነው።

አቃቂና ቃሊቲ የፋብሪካ ሠፈር የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጂቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በአቃቂ በኩል ነው፤ ፋብሪካዎችም ዕቃ ለመጫንና ለማውረድ እንዲያመቻቸው በዚያው አካባቢ ተተከሉ። አሮጌው ባቡር ሥራውን ካቆመ ወዲህ ሸክሙ በመኪና ላይ ወደቀ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። ከአርሲና ከባሌ ስንዴ ጭኖ በአዳማ በኩል የሚመጣው ካሚዮን ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ፈጥኖ ይደርሳል። ጊዜውን የሚበላው ከዚያ ወዲህ እስከ ፋብሪካው በር ያለችው አጭር መንገድ ናት።

የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከባድ የጭነት መኪኖች በቀን በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ የሚገድብ እርምጃ አስታውቆ ነበር። ለእግረኛው ደኅንነትና መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል እንዲህ ያለው ገደብ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መኪናው በሌሊት ግባ ተብሎ መጋዘኑ በሌሊት ተዘግቶ ከቆየው ሰልፉ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ሒሳቡን እንመልከት። ተሳቢ ያለው አንድ ካሚዮን 400 ኩንታል ጭኖ አንድ ቀን ያለ ሥራ ቢቆምና ባለንብረቱ ለዚህ 8,000 ብር ቢያስከፍል፣ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 20 ብር ይጨመራል። ነጋዴው ይህን ከኪሱ አይከፍልም፤ ከገበሬው ሲገዛ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። 15 ኩንታል የሚሸጥ ቤተሰብ 300 ብር አጣ ማለት ነው። ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ ሲመጣም ያው ወጪ ዞሮ በገበሬው ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ፕላን አውጪዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከፈጣኑ መንገድ እስከ ፋብሪካዎቹ ተሳቢ መኪና እንደ ልብ የሚታጠፍበት የጭነት መንገድ ተለይቶ ይከለል። በከተማው መግቢያ ጥበቃ፣ ውኃና መጸዳጃ ያለው የካሚዮን ማቆሚያ ይዘጋጅ። አዲስ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ መኪና በግቢው ውስጥ ዞሮ የሚያራግፍበት ቦታ መኖሩ አስቀድሞ ይታይ። የሰዓት ገደብ ሲወጣም የመጋዘኖችና የጫኝና አውራጆች የሥራ ሰዓት አብሮ ይስተካከል። ቦታው በቤት ከተያዘ በኋላ ማረም እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ዛሬ መታሰብ ይገባዋል።

የማኅበራት መሪዎችም ድርሻ አላቸው። ምርቱ ተሰብስቦ ከመጫኑ በፊት የማራገፊያው ቀንና ሰዓት ከገዢው ጋር ይቆረጥ። መኪናው ቢቆም ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ መኪና ስንት ሰዓት እንደቆመና ለምን እንደቆመ በመዝገብ ይያዝ። አንድ ወቅት ሙሉ የተያዘ መዝገብ በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ በኩል ለትራንስፖርትና ለከተማ ፕላን ባለሥልጣኖች ቢቀርብ፣ በቁጥር የተደገፈ አቤቱታ ስለሆነ ለመናቅ ያስቸግራል። የከተማው መንገድ ሲታቀድ ገበሬው በስብሰባው ላይ ካልተገኘ፣ ወጪው በሚከፈልበት ጊዜ መገኘቱ አይቀርም።