«ኮሚሽኑ ዜሮ ነው» ሲሉህ ሚዛኑን እይ

ሰሞኑን ከወረታ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንዳላወጣ አጥብቆ ለምኖኛል፤ ባይለምነኝም በዚህ ዓምድ የማንም ስም አይወጣም። የሚሠራው ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው።

«ጋሼ» ይላል፣ «80 ሺህ ብር አለኝ። 50ው ለፍቼ ያጠራቀምኩት ነው፤ 30ው እናቴ ሩዝ ሸጣ ለሠርጌ የሰጠችኝ ነው። ሠርጌ የዛሬ ዓመት ጥር ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ በስልክ የውጭ አገር አክሲዮን የሚገዛበት አፕ አሳየኝ። ኮሚሽን የሚባል የለም፣ ዜሮ ነው። ብሩን ባሕር ዳር ላለ ሰው በእጅ እንሰጠዋለን፣ እሱ ዶላር አድርጎ ይጭንልናል። እናቴ ‹አርፈህ ሩዝ ገዝተህ አስቀምጥ› ትለኛለች። እጮኛዬ ምንም አታውቅም። እንዲህ ካሉት አፖች ርካሹና ጥሩው የትኛው ነው?»

እኔን የገረመኝ ጥያቄው አይደለም፤ ጠያቂው ያለበት ቦታ ነው። ወንድሜ፣ አንተ እኮ ደላላን ስትመዝን ነው ያደግኸው! ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ ከሚያቀናው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚሸጠው እዚያው ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ጤፍ የማይወደው ያ ውኃ ለሩዝ ተስማማውና ድሮ በከብቱ ብቻ ስሙ ይነሣ የነበረው አገር ዛሬ የሩዝ አገር ሆነ። እና ገበሬው ጆንያውን ይዞ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው ማነው? ደላላው ነዋ!

እስቲ አስበው። አንዱ ደላላ በኩንታል ይህን ያህል ትሰጠኛለህ ይልሃል። ሌላው «ኧረ አንተ ወንድሜ አይደለህ! ከአንተ ሳንቲም አልቀበልም» ይልሃል። የትኛውን ትፈራለህ? ሁለተኛውን! ምክንያቱም ልጆቹን አየር አያበላቸውም። ከአንተ ካልተቀበለ ከገዢው ይቀበላል፣ ካልሆነም ሚዛኑ ላይ ያገኘዋል። ይህን ለፎገራ ልጅ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስልክ ላይ ሲሆን ግን ምን እንደሚነካን አላውቅም፣ እንረሳዋለን።

የስልኩም ደላላ ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሮቢንሁድ የሚባል፣ ወጣቱን በ«ዜሮ ኮሚሽን» ያሰለፈ የአክሲዮን አፕ አለ። ገቢው ከየት ይመጣል? የደንበኞቹን የግዢና የሽያጭ ትዕዛዝ ለትልልቅ ነጋዴዎች ያስተላልፋል፣ እነሱም ለዚህ ይከፍሉታል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይህን የገቢ ምንጩን ለደንበኞቹ በትክክል አልነገረም፣ የተሻለውን ዋጋም አላፈላለገላቸውም ብሎ ከሰሰው። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ተቆጣጣሪው እንዳሰላው ደንበኞቹ ያልከፈሉት ኮሚሽን ታስቦላቸው እንኳ ከ34 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎድሎባቸዋል። ሚዛን ማለት ይኸ ነው! ያም ሆኖ እነሱ የሚከስላቸው ተቆጣጣሪ ነበራቸው።

አንተስ? ባሕር ዳር ያለውን ሰውዬ ማን ይከስልሃል? ነገሩ ከአፑ ሳይሆን ከሰውዬው ነው የሚጀምረው። ከአገር ውስጥ ብር ወደ ዶላር ለውጦ፣ ውጭ ልኮ አክሲዮን መግዛት ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ ገንዘቡን በእጅህ ስትሰጠው ሁለታችሁም ከሕግ ውጭ ናችሁ። ቢክድህ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ምን ትላለህ? «በጥቁር ገበያ ዶላር ሊገዛልኝ ነበር» ልትል ነው? አፑ ላይ የሚታይህ ቁጥርም ቁጥር ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ የሚሆነው አውጥተህ ኪስህ ሲገባ ነው። ሲያስገቡ እልል ብለው ሲያስወጡ «መጀመሪያ ታክስ ክፈል» የሚሉ ስንቶች አሉ መሰለህ።

ታዲያ ሕጋዊው መንገድ የለም ወይ? አለ፣ ገና ልጅ ቢሆንም። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ በ1967 ደርግ ድርጅቶቹን ሲወርስ ነገሩ ተዘጋ። ከዚያ በ2013 የካፒታል ገበያ አዋጅ፣ ቁጥር 1248፣ ወጣና ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ፣ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ ያውም በቴሌብር፣ በዚሁ በእጅህ ባለው ስልክ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የካቲት 7 ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ተገኙ። ከቀረበው አንድ አሥረኛ ግድም መሆኑ ነው። ጥሩም መጥፎም ልትለው ትችላለህ፤ እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ አክሲዮን በስልክ ለመግዛት ብር በፌስታል ይዞ ባሕር ዳር መሄድ አያስፈልግም።

በአክሲዮን ገበያው በራስህ ውሳኔ ለመግዛት ስታስብ በዝቅተኛ ዋጋ አገለግላለሁ የሚል ደላላ ሲመጣልህ፣ ስለ ዋጋው ከማውራትህ በፊት ፈቃዱን ጠይቀው። ፈቃዱን የሚሰጠው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ የንግድ ፈቃድ ወይም የቴሌግራም ተከታይ ብዛት አይተካውም። ቀጥሎ፣ የገዛሁት አክሲዮን በማን ስም፣ የት ይመዘገባል በለው። ለዚህ ማዕከላዊ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ግምጃ ቤት የሚባል ነገር አለ። ደላላው ነገ ሱቁን ቢዘጋ፣ አክሲዮኑ በስምህ እዚያ ከሰፈረ ያንተው ነው። ደላላው ደብተር ላይ ብቻ ከሆነ ግን ወዮልህ።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡ። እሱም ቢሆን እንደ ኪስህ መጠን ነው የሚታየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ እኔ ያመጣኋቸው ናቸው፦ አንዱ ደላላ በእያንዳንዱ ግዢ 100 ብር ቁርጥ ይበል፣ ሌላው ከመቶ 1 ብር። በ2 ሺህ ብር ስትገዛ የፊተኛው ከመቶ 5 ወሰደብህ፣ የኋለኛው 20 ብር ብቻ። በ80 ሺህ ስትገዛ ግን የፊተኛው ያው 100 ብር ነው፣ የኋለኛው 800። «ርካሽ» የሚባል ደላላ ለብቻው የለም፣ ለማን ነው ርካሽ? ስትሸጥም እንደገና እንደምትከፍል አትርሳ፤ ብዙ ሰው የመግቢያውን በር ዋጋ ጠይቆ የመውጫውን ሳይጠይቅ ይገባል። ደግሞም በራስህ ስትነግድ መካሪ የለህም። ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ደላላው ያዘዝከውን ይገዛልሃል እንጂ «ተው፣ ይሄ አያዋጣህም» አይልህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንተ የዛሬ ዓመት ጥር ላይ ገንዘቡ በእጅህ ሊኖር ይገባል። ድንኳን ተካዩ አክሲዮን አይቀበልም! የአገራችን አክሲዮን ገበያ ደግሞ ገና ገዢና ሻጩ ጥቂት ነው። መሸጥ በፈለግህበት ሳምንት ገዢ ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም ችኮላህን አይቶ ዋጋ ይሰብርሃል። ለሠርግ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ደላላው መልአክ ቢሆን እንኳ፣ እዚያ አይገባም። አክሲዮን ለአምስትና ለስድስት ዓመት የማትነካው ገንዘብ ማደሪያ ነው። ከሠርጉ በኋላ ከደሞዝህ እየቆረጥክ በትንሹ ጀምር፤ ያን ጊዜ ጻፍልኝና ደላላ አብረን እንመርጣለን።

እናትህን በተመለከተ፣ እኔ ኮፍያዬን አውልቄላቸዋለሁ። ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲገባ ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል፣ ክረምት ሲቃረብ ይነሣል። አሁን ገዝተህ ሐምሌ ላይ ብትሸጥ ለጥር ይደርስልሃል። ያውም የመፈልፈያ ቤት ሠራተኛ ነህ፤ የትኛው ጆንያ እርጥብ እንደሆነ፣ የትኛው ሲፈለፈል እንደሚሰባበር ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ዋስትና ግን አይደለም፣ እንዳትሳሳት። አይጥ አለ፣ እርጥበት አለ፣ ከውጭ የሚገባው ሩዝ በዝቶ ዋጋውን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ 80ውንም አትክተተው። እኔ ብሆን የእናቴን 30 ባንክ አስቀምጬ፣ ከራሴ 50 ግማሹን ብቻ ወደ ሩዝ እወስድ ነበር።

እጮኛህ አታውቅም ያልከው ነው ያልጣመኝ። ገንዘቡ እኮ የሷም ሠርግ ነው። ባሕር ዳር ላለው ለማታውቀው ሰው ልትነግረው የተዘጋጀኸውን የገንዘብህን ልክ ለሷ እንዴት ደበቅኸው? ዛሬ ማታ ንገራት፤ ሩዙንም፣ አፑንም፣ እናትህ ያሉህንም። ምናልባት እሷ 80 ሺህ የሚፈጅ ድግስ ጭራሽ ላትፈልግ ትችላለች፣ የጠየቃት የለም እንጂ።

የሚዜዎቹን ቁጥር ስለመቀነስ የጠየቅኸኝን፣ ብዙዎች ስለጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ።