የማያምን ልጅና የሚያምኑ ወላጆች

ባለፈው ወር በተደረገው ስብሰባችን በአጀንዳ ያልተያዘ አንድ ጉዳይ ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አከራከረን። የአንድ ወንድማችን እናት ምራታቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት መጥተዋል። ሕፃኑ ወንድ ነውና አርባ ቀኑ ሲቃረብ «ክርስትና አባቱ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው በእግዚአብሔር መኖር ማመኑን ከተወ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ለእናቱ ግን አንድም ቀን አልነገራቸውም። ዓቢይ ጾም በገባ ቁጥር በስልክ «ትጾማለህ ወይ?» ሲሉት «አዎን» እያለ፥ 55ቱን ቀን ሥጋ ሲበላ ኖሯል።

ይህ የአንድ ሰው ችግር አይደለም። ከማኅበራችን አባሎች በእምነታቸው የጸኑ አሉ፤ ከእነርሱ ጋር ጠብ የለንም። ይህን የምንጽፈው ግን እምነቱን የተውነው ነን፤ የምንወቅሰውም በመጀመሪያ ራሳችንን ነው።

ከመካከላችን አንዱ በዕረፍት ጊዜው አገር ቤት ገብቶ፥ ረቡዕ ቀን ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ ጾም የካህናት ፈጠራ ነው ሲል ንግግር አደረገ። አባቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ከገበታው ተነሡ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አላነጋገሩትም። ልጁ ከመጻሕፍት የለቀመው ክርክር ስለ ቤተ ክህነት ሥልጣንና ሀብት ነበር። በእርግጥም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር፤ ሰፊ ርስቷም እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በእጅዋ ቆይቷል። ነገር ግን አባትዬው የማንም ጭሰኛ ጌታ አልነበሩም፤ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ለተቋም የተዘጋጀውን ክስ አምጥቶ በአንድ ሽማግሌ ራስ ላይ መጫን ምን የሚሉት ዕውቀት ነው?

ደግሞስ ወላጆቻችን «አላምንም» የሚለውን ቃል የሰሙት ከእኛ በፊት ከማን እንደ ነበረ ማሰብ ይገባናል። በደርግ ዘመን ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ተገደሉ። እምነት ማጣት በአገራችን የካድሬ ስብከት ሆኖ፥ ሽጉጥ ታጥቆ ቤት ለቤት ዞሯል። እንግዲህ አንዲት እናት ልጇ «አላምንም» ሲላት የሚታያት መጽሐፍ አንባቢው ልጅዋ አይደለም፤ ያ ዘመን ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፥ በአንቀጽ 27ም የኅሊናን ነፃነት አረጋግጧል። ሕጉ ግን የእናትን እንባ አይጠርግም።

ታዲያ እየዋሸን እንኑር ወይ? አንልም። ደግነቱ የአገራችን ልማድ ራሱ ከምናስበው በላይ ስፍራ አለው። እሑድ ጧት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ስንቱ ሰው እንደሚቆም የማያውቅ የለም፤ ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ከግንቡ ሥር የሚሳለመው ብዙ ነው፤ ለምን አልገባህም ብሎ የሚጠይቀውም የለም። እናቱን በክንዷ ደግፎ እስከ ደጀ ሰላም የሚያደርስ፥ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዛፍ ሥር የሚጠብቅ ልጅ ምንም ውሸት አልተናገረም። በጾም ቀን ከቤተሰቡ ጋር ሽሮና ጎመን መብላትም እንደዚሁ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ እኅታችን በረመዳን ወላጆቿ ዘንድ ስትሰነብት እስከ መግሪብ ምንም አትቀምስም፤ ስለ ሶላት ሲጠይቋት ግን እውነቱን ትናገራለች። በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን አብረው ኖረዋል፤ ሠርግ ሲሆን ለየእምነቱ ለብቻ ይታረዳል፥ ዘፈኑ ግን አንድ ነው።

ድንበሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። እናቴ ደስ ይበላት ብሎ ሳያምኑ መቁረብ ወይም ለነፍስ አባት የሐሰት ኑዛዜ መስጠት በጭራሽ አይገባም። ቁርባን ለሚያምን ሰው እሳት ነው፤ እርሱን እንደ ተራ እንጀራ የሚጎርስ ልጅ፥ በግልጽ ከቆመበት ከሚቀረው ይልቅ የእናቱን እምነት ይንቃል። የወላጅ ተዝካር ሲሆን ደግሞ ድኻ የሚበላበትን ወጪ መካፈል ከማንም ኅሊና ጋር አይጋጭም። (ተዝካር ባለዕዳ እያደረገ ያደኸያቸው ቤቶች ጉዳይ ለብቻው መጻፍ ይገባዋል።)

ወደ ወንድማችን እንመለስ። በ37ኛው ቀን ማታ ለእናቱ እውነቱን ነገራቸው። ሚስቱ አማኝ ናትና ሕፃኑ ክርስትና እንዲነሣ እንደማይከለክል፥ እርሱ ግን ከበር እንደሚቆም ነገራቸው። አለቀሱ። «በስልክ ስትመልስልኝ የነበረውስ?» ሲሉት መልስ አጣ፤ ከክህደቱ ይልቅ የጎዳቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በአርባኛው ቀን መኪናውን እየነዳ ወሰዳቸው፤ ከአባሎቻችን አንዱ ክርስትና አባት ሆነ። እናቱ አንድ ሳምንት ሙሉ በምራታቸው በኩል ካልሆነ በቀር ቃል አልሰጡትም።

አሁን አገር ቤት ተመልሰዋል። በየእሑዱ ይደውላሉ፤ ጾሙን ግን አይጠይቁትም። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «እግዜር ልቡናህን ይመልስልህ» ይሉታል፥ እርሱም «አሜን» ይላል። በስብሰባው ላይ አንዱ አባል ይህም ያው ውሸት ነው ሲል አጥብቆ ተከራከረ። እኛ ግን ምርቃት የሚቀበሉት ከመራቂው እጅ ነው ብለን «አሜን» ይበል ከሚሉት ጋር እጃችንን አውጥተናል።