ዲስኩ ይቅር፤ ግልባጩ ይበቃል

እንደሚታወቀው ዕውቀት ዘመን ተሻግሮ የሚደርሰን በአንድ ተሸካሚ ላይ ተጭኖ ነው። ተሸካሚው ጥንት ብራና፣ ኋላም ወረቀት ነበር፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ሲዲና ዲቪዲ ተጨመሩበት። ይሁን እንጂ ተሸካሚውና ሸክሙ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ባለመገንዘባችን ሁለት ስሕተቶች ስንፈጽም እንታያለን። አንደኛው፣ በብዙ ድካም ከኢንተርኔት የወረደን የዲስክ ግልባጭ «ዲስክ ላይ ካልተጻፈ አይሠራም» ብሎ ባዶ ዲቪዲ ፍለጋ መንከራተት ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ «አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም» በሚል ምክንያት በየመደርደሪያው የተቀመጡትን ዲስኮች እንደ ሞቱ ቆጥሮ መተው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አላስፈላጊ መሆናቸውን ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ፈረንጆቹ ይህን ፋይል የዲስክ «ምስል» ይሉታል፤ አንባቢ ግን ፎቶግራፍ እንዳይመስለው። ለእኛ የሚስማማው ስም በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ የምናነበው «ግልባጭ» የሚለው ቃል ነው። በዲስኩ ላይ የሰፈረው መረጃ በሙሉ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይስት፣ ወደ አንድ ፋይል ተገልብጧልና። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ አይኤስኦ የሚል ቅጥያ ይዞ ይገኛል። ቅጥያው የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣውና በሲዲ ላይ ፋይሎች እንዴት እንደሚደራጁ ከሚደነግገው አይኤስኦ 9660 ከተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የማባዛት ስሌት ይበቃል። የመረጃ ሲዲ ሴክተር በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴክተር 2,048 ባይት ይይዛል። የ80 ደቂቃ ሲዲ 360,000 ሴክተሮች አሉት፤ ሲባዛ 737,280,000 ባይት ይሆናል። በተለምዶ «700 ሜጋባይት» የምንለው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ ዲስክ ሲያነብ ማንበቢያውን «ሴክተር ቁጥር 16ን አምጣ» ይለዋል፤ ማንበቢያውም ሌዘሩን አንቀሳቅሶ 2,048 ባይት ያቀርባል። ይኸው ጥያቄ ለግልባጩ ቢቀርብስ? 16 በ2,048 ሲባዛ 32,768 ነው። ስለዚህ የፋይሉን የመጀመሪያ 32,768 ባይት ዘልሎ ቀጣዩን 2,048 ባይት መስጠት ነው። ጠያቂው ፕሮግራም መልሱ ከሌዘር ይምጣ ከፋይል የሚለይበት መንገድ የለውም። «ምናባዊ ማንበቢያ» የሚባለው ነገር ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ይህን ለማድረግ ዛሬ የሚገዛ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክቶ «ማውንት» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው፤ ዲስክ የገባ ያህል አዲስ ድራይቭ ብቅ ይላል። ሊኑክስ ይህን ችሎታ ከያዘ ቆይቷል። ገና በዊንዶውስ 7 ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊን ሲዲ ኢሙ የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ።

ጉዳዩ በእኛ አካባቢ ከምቾት ያለፈ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ዘመኑ የሲዲ ዘመን ነበር። ካኖኒካል የተባለው ድርጅት የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀው ሁሉ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ። ዛሬ እ.ኤ.አ. የ2024 ኡቡንቱ ግልባጭ ከ5 ጊጋባይት ስለሚበልጥ 4.7 ጊጋባይት በሚይዘው ተራ ዲቪዲ ላይ ልጻፈው ቢሉ እንኳ አይገባም። በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ተማሪው የቀረው በእጁ የነበረው ፋይል ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግልባጩን የያዘ ፍላሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዲስክ ሲጻፍ መብራት ቢጠፋ ግን ዲስኩ ተበላሸ ማለት ነው፤ አንዴ የሚጻፍ ነውና ዳግመኛ አይታረምም።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ከመጻሕፍት ጋር የመጡ ሲዲዎች፣ የቤተ ሙከራ ማሳያዎች፣ ምናልባትም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 ያቋረጠው የኢንካርታ መዝገበ ዕውቀት ይገኛሉ። በቤት ውስጥ የተጻፈ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ቀለሙም በብርሃንና በሙቀት ይደክማል። የሲዲ ጀርባው፣ ጽሑፍ የሚለጠፍበት ወገን፣ ከተጫረ ደግሞ አንጸባራቂው ንጣፍ ከሥሩ ስላለ ጉዳቱ አይጠገንም። ስለዚህ በዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ዲስኮቹ በዝምታ እያረጁ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ ማንበቢያ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ይበቃል፤ ዲስኮቹ አንድ በአንድ ይገለበጣሉ፤ ግልባጮቹም በኔትወርክ ለሁሉም ይዳረሳሉ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና ለታዳጊ አገሮች የታሰበው ቲኤል የተባለው የግብርና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 በሲዲ ክምር ተጀምሮ፣ ኋላ በሀርድ ዲስክ ላይ ሆኖ በውስጥ ኔትወርክ የሚነበብ ሆኗል።

«ዲስክ ከተጻፈ በኋላ ቫይረስ አይነካውም፤ ፋይል ግን ይነካል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ማውንት የተደረገ አይኤስኦ ለንባብ ብቻ ስለሚከፈት በውስጡ ያሉት ፋይሎች አይለወጡም፤ ግልባጩ ራሱ ግን ሊጠፋ ወይም ሊበላሽ ይችላል። መድኃኒቱን አባቶቻችን ያውቁታል። ቁም ጸሐፊ የገለበጠው መጽሐፍ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር አይታመንም ነበር። በእኛ ዘመን ማመሳከሪያው ሻ-256 የመሰለ ቼክሰም ነው፤ ከፋይሉ ላይ የሚሰላ ቁጥር ሲሆን፣ አንድ ቢት እንኳ ቢለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ቁጥሩን መዝግቦ፣ ግልባጩን በሁለት ቦታ ማኖር ይገባል።

ጥንቃቄም ያሻል። ከማይታወቅ ሰው የመጣ አይኤስኦ አደጋ ሊያዝል ይችላል፤ ክፉ አሳቢዎች ይህን ፋይል የዊንዶውስን ማስጠንቀቂያ ለማምለጥ ሲጠቀሙበት ቆይተው፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነው። የሙዚቃ ሲዲም በአይኤስኦ አይገለበጥም፤ አደረጃጀቱ ሌላ ነውና። የሌላውን ሥራ አባዝቶ መሸጥ ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚያስጠይቅ ነው። የእኔ ሐሳብ ተቋማት በሕግ ያገኙትን ከጥፋት ያድኑ የሚል እንጂ ገበያ ይክፈቱ የሚል አይደለም።

ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የትምህርት ማዕከላት በበቀሉበት ምድር «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል ማስታወስ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልንጨምርበት ይገባል፦ በአንድ ዲስክ ብቻ ያለም ይረሳል። ስለዚህ የሳይንስ ክበባት ተማሪዎች ሆይ፣ ባዶ ዲቪዲ ለመግዛት ያሰባችሁትን ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ የዩኤስቢ ማንበቢያ ግዙ። ከዚያም የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ አስፈቅዳችሁ፣ በአንድ ቅዳሜ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ።