ርእሰ አንቀጽ፦ የቦይለሩን ጠብታ በውታፍ አንድፈነው



ባለፈው ወር ከሕንፃዎቻችን በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ቤተሰብ ቦይለር ማሞቅ አቁሞ ባለሙያ ተጠራ። ሰውየው ከመክፈቱ በፊት ሥር ሥሩን ቢያይ የሴፍቲ ቫልቩ ማፍሰሻ በእንጨት ውታፍ ተደፍኖ፣ በላዩ ፕላስቲክ ተጠቅልሎበት፣ በሽቦ ታስሮ አገኘው። “ይኼ ዕቃ ማሞቅ በማቆሙ ፈጣሪን አመስግኑ” አላቸው። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰሌዳ ላይ ባላወጣነው ነበር። የምንጽፈው ጥፋቱ የእኛም ስለሆነ ነው።

ከዚያ በፊት ከታች ያሉት ጎረቤት ኮርኒሳቸው እየረጠበ መቸገራቸውን ለማኅበሩ አመልክተው ነበር። እኛም ሄደን አየን፤ ውሃው ከላይኛው ቤት ቦይለር የሚንጠባጠብ መሆኑን አረጋገጥን፤ “በሦስት ቀን ውስጥ ጠብታውን እንዲያቆሙ” የሚል ደብዳቤ ማኅተም መትተን ሰጠን። ቤተሰቡም ታዘዘ፤ አቆመው። ለምን እንደሚንጠባጠብ ግን እኛም አልጠየቅን፣ እነሱም አልጠየቁ። የታችኛው ኮርኒስ ደረቀ፤ ፋይሉ ተዘጋ። ልጆች በሚታጠቡበት ክፍል ግን መተንፈሻ የሌለው ዕቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጀበና ሲፈላ ይገነፍላል እንጂ አይፈነዳም፤ አፉ ክፍት ነውና። የቦይለር በርሜል ግን ዝግ ነው። ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስከ 70 ዲግሪ ቢሞቅ 1 ሊትር ያህል ትርፍ ይሆናል። ውሃ ደግሞ እንደ አየር ተጨቁኖ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ወደ መጣበት ቧንቧ እንዳይመለስም የሚከለክለው ክዳን አለበት። ስለዚህ ግፊቱ ከፍ ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ባር ሲደርስ፣ ሴፍቲ ቫልቩ ከፈት ብሎ ትርፉን ያስወጣዋል። ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቱ በሽታ አይደለም፤ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ዋናው አደጋ ቴርሞስታቱ ሲበላሽ ይመጣል። ቴርሞስታቱ መብራቱን መቁረጥ ካቃተው፣ ሁለተኛው የሙቀት መቁረጫም ካልሠራ፣ ሬዚስታንሱ ያለማቋረጥ ያሞቃል። ከተማችን አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች በክፍት ድስት ውሃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። በዝግ በርሜል ግን ግፊቱ ስለሚይዘው ሳይፈላ 100 ዲግሪን ያልፋል። በዚያን ሰዓት በርሜሉ ቢቀደድ ከውሃው ከፊሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። 1 ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይኼ ነው። ይህን ሁሉ የሚከለክለው የመጨረሻው ዘበኛ ደግሞ ያቺ በእንጨት የደፈንናት ትንሽ ቫልቭ ናት።

አንዳንዱ “የእኔ ቦይለር አሥር ዓመት ሠራ፣ ምንም አልሆነ” ይላል። እውነቱን ነው፣ አልሆነም። ይሁን እንጂ ቦይለር ውስጥ ውስጡን ያረጃል። ውሃው የሚተወው ነጭ ድንጋይ ሬዚስታንሱን ይሸፍነዋል፤ መብራቱ ይቆጥራል፣ ውሃው ግን አይሞቅም። ያው ድንጋይ የሴፍቲ ቫልቩን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። በርሜሉን ከዝገት የሚጠብቅ አኖድ የሚባል የማግኒዥየም ዘንግም አለ፤ ዝገቱ በርሜሉን ትቶ እሱን ይበላል። እሱ ካለቀ ቀጥሎ የሚበላው በርሜሉን ነው። ይኼ ሁሉ ከውጭ አይታይም። በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ይታይ የምንለው ለዚህ ነው።

ስለሆነም እያንዳንዱ ቤት የሚከተለውን እንዲፈጽም እናሳስባለን።

1ኛ/ የሴፍቲ ቫልቩን አፍ ማንም አይድፈን። ጠብታው የሚያስቸግር ከሆነ ቀጭን ቱቦ ተቀጥሎለት ቁልቁል ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ይውረድ፤ ጫፉም ክፍት ይሁን። በቦይለሩና በሴፍቲ ቫልቩ መካከልም ሳራቺኔስካ አይግባ።

2ኛ/ ቦይለሩ ሳይሞቅም ቀን ከሌት የሚያፈስ ከሆነ ቫልቩ ቆሽሿል፣ አርጅቷል፣ ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል ማለት ነው። ባለሙያ ይጠራ። መፍትሔው መለወጥ ወይም ማስተካከል እንጂ መወተፍ አይደለም።

3ኛ/ ማንሻ ያለው ቫልቭ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ከፍ አድርጎ ውሃ መውጣቱን ማየት ነው። የሚወጣው ትኩስ ሊሆን ስለሚችል እጅም ፊትም ከሥሩ ይራቅ።

4ኛ/ በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ውሃውን ዘግቶና አፍስሶ፣ ድንጋዩን ይጥረግ፤ አኖዱን፣ ቴርሞስታቱን፣ ሬዚስታንሱንና የኧርዙን ሽቦ ይመርምር። የተሰቀለበትን ቡሎንም ይይ። የ50 ሊትር ቦይለር ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ ግድግዳችን ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው።

5ኛ/ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሞልቶ መፍሰሱ ሳይታይ ቦይለር አይብራ። ባዶውን የበራ ሬዚስታንስ ይቃጠላል።

6ኛ/ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ላይ ይሁን። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ በውስጡ ተሕዋስያን ይራባሉ። ነገር ግን 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ገላ በ5 ሴኮንድ አካባቢ ያቃጥላል፤ ሕፃንን ከዚያም ባነሰ ጊዜ። ልጅ ሲታጠብ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይቀዳ።

7ኛ/ ከቧንቧው እንፋሎት ቢወጣ ወይም በርሜሉ ቢንጎደጎድ ብሬከሩን ማጥፋት፣ ቫልቩን አለመነካካት፣ ሰውን ከክፍሉ ማስወጣት። አደጋ ከደረሰ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ተከራዩ “ዕቃው የባለቤቱ ነው” ይላል። ባለቤቱ “የሚታጠብበት ተከራዩ ነው” ይላል። በዚህ መሐል ዓመቱ ያልፋል። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ቦይለሩ የባለቤቱ ንብረት ነውና የዓመቱን ምርመራና የመለዋወጫውን ወጪ ባለቤቱ ይቻል። የየወሩ ጥንቃቄ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ይሁን። በውጭ አገር ያሉ ባለቤቶችም በወኪሎቻቸው በኩል እንዲያውቁት ይደረግ። ፍንዳታ ቢመጣ ባለቤትና ተከራይ ለይቶ አያፈርስም፤ የጎረቤትም ግድግዳ ነው።

ወጪው የሚከብዳቸው ጡረተኞችና ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ለእነርሱ ከወርኃዊው መዋጮ እንዲከፈል ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ እናቀርባለን። ምርመራው በየዓመቱ በጥቅምት ወር፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሳይገባ፣ በየሕንፃው በተራ ቢደረግ አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን ብዙ ቤት ያዳርሳል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። መመዝገቢያው ደብተር ከዛሬ ጀምሮ በጽሕፈት ቤታችን ተከፍቷል።

በመጨረሻም፣ ያንን ደብዳቤ ሽረነዋል። ለሁለቱም ቤተሰቦች፣ ለላይኛውም ለታችኛውም፣ ይቅርታ ጠይቀናል፤ እዚህም በሁላችሁ ፊት እንደግመዋለን። ውታፉ ወጥቷል፣ ቫልቩ ተለውጧል፣ ቱቦውም ተቀጥሏል። ሥራው የፈጀው ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ብቻ ነው። ያን ቀን ከደብዳቤ ይልቅ ባለሙያ ይዘን ብንሄድ ኖሮ ያኔውኑ ባለቀ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ወደ መታጠቢያ ክፍላችን ገብተን የቦይለሩን ሥር ቀና ብለን እንይ። ውታፍ ያለበት ቤት ካለ ብሬከሩን አጥፍቶ ይንገረን። ማንንም አንቀጣም፤ ማንንም አንወቅስም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት