ለብቻው የተቀመጠው ሲኒ

በአዲስ አበባ ከሚኖሩት እናቶች ብዙዎቹ «የት ወለድሽ?» ተብለው ሲጠየቁ «ጋንዲ» ብለው ይመልሳሉ። ስሙ ከአፋችን ከመላመዱ የተነሣ የሆስፒታል ስም ብቻ መስሎን የቀረን ጥቂቶች አይደለንም። ሆስፒታሉ የቆመው ግን ለማህተማ ጋንዲ መታሰቢያ ነው። እኒህ ሰው አገራቸው ሕንድ ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ እንድትወጣ ለብዙ ዓመታት ሲታገሉ ጠመንጃ ያላነሡ፣ ለመልካም ዓላማም ቢሆን መዋሸት አይገባም ብለው የኖሩ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 በጥይት የተገደሉ ናቸው። ስማቸው እናቶች በሚገላገሉበት ቤት ላይ መዋሉ የሚገባ ነው።

ስለ እኒህ ሰው ሲወሳ ሦስት ነገሮች አብረው ይነሣሉ፤ እነርሱም በማንም ላይ እጅን አለማንሣት፣ እውነትን መያዝና ሌላውን ማገልገል ናቸው። ሲሰሙት የመሪዎችና የአደባባይ ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ጉዳዩን ከአደባባይ ወደ ጓዳ እናምጣውና በአንዲት የቡና ሲኒ እንመርምረው።

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ዋጫ ትገኛለች፤ የጫና ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ካፋ፣ የቡና አገር ነው። በዚህ አካባቢ ከሰልና የማገዶ እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ ከሚወጡት ሴቶች መካከል የማንጆ ማኅበረሰብ ተወላጆች ይገኛሉ። የማንጆ ሰዎች እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ራሱን ችሎ በቆየው የካፋ መንግሥት ዘመን አዳኞችና የአገሩን ኬላ ጠባቂዎች ነበሩ። ጫካውንም ማሩንም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ይሁን እንጂ «ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ» እየተባሉ ለዘመናት ከሌላው ሕዝብ ማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ከቤት እንዳይገቡ፣ ከአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ፣ በጋብቻም እንዳይቀላቀሉ ተደርገዋል።

አዋጅ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ። ይሁንና አዋጅ የሚደርሰው እስከ በራፍ ድረስ ነው። ከበራፍ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የቤቱ ባለቤት ነው።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት በበራፉ ትቆማለች። ዋጋ ተከራክራ ሸክሟን ታወርዳለች። ፀሐዩ ከሯል፤ ቡናውም ተፈልቷል። የቤቲቱ እመቤት ክፉ ሰው አይደለችም። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ ለለቅሶና ለደስታ የማትታጣ ሴት ናት። ለደከመችው ሴትም ቡና ልትሰጣት ትፈልጋለች። ነገር ግን ከረከቦቱ ላይ ካሉት ሲኒዎች አንዱን አታነሣም፤ ከጓዳው ጥግ ለብቻው የተቀመጠውን ጠርዙ የተሸረፈ ሲኒ ታወጣለች። እንግዳዪቱም ደጅ ቆማ ትጠጣለች። ስድብ የለም፣ ዱላ የለም፣ ቁጣም የለም። ልጆቹ ግን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ያያሉ።

ከዚህ በኋላ ለእነዚያ ልጆች ማንም ምንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የዚያች ሴት ልጅ ከተቀመጠበት ወንበር ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ያም ልጅ ሳምንት ይታገሣል፣ ወር ይታገሣል፤ ኋላ ደብተሩን ጥሎ እንደ እናቱ እንጨት መሸከም ይጀምራል። መምህሩ ስለ እኩልነት ቢያስተምሩ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ቢሠራ፣ አንዲት ሲኒ ሁሉንም ታፈርሰዋለች። ታዲያ ማንም እጁን አላነሣምና ግፍ አልተፈጸመም ለማለት እንችላለን?

ግፍ ሲጠራቀም ወዴት እንደሚያደርስም ታይቷል። በ1994 ዓ.ም. በካፋ የማንጆ ተወላጆች የቆየ ብሶታቸው ገንፍሎ በጎረቤቶቻቸው ላይ ጥቃት ተፈጸመ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የብሶቱ እውነትነት የፈሰሰውን ደም ትክክል አያደርገውም፤ የፈሰሰውም ደም ብሶቱን ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱንም አብሮ መናገር እውነትን መያዝ ማለት ነው። በሁለቱም ወገን ያለቀሱት እናቶች መሆናቸውንም እናንተ አትስቱትም።

ሕንድም እንዲህ ያለ በሽታ ነበረባት። በዚያ አገር «የማይነኩ» የተባሉ ወገኖች ከሌላው ጋር ውኃ አይቀዱም፣ ማዕድ አይቆርሱም ነበር። ጋንዲ ይህን ልማድ ሲቃወሙ ትልቁ ፈተና የገጠማቸው በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ በጥብቅና ሥራ ላይ ሳሉ ጸሐፊዎቻቸው አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ክፍሎቹ የቆሻሻ ውኃ መውጫ ስላልነበራቸው በየክፍሉ የሌሊት ዕቃ ይቀመጣል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ «ከማይነኩት» ወላጆች የተወለደ አዲስ ሰው ነበርና ባለቤታቸው ካስቱርባ የእርሱን ዕቃ ማጠብ ከበዳቸው። ዕንባቸው እየወረደ ዕቃውን ይዘው ሲወጡ ባልየው በደስታ ካልሠራሽ ብለው ጮኹባቸው፤ አልፈውም እጃቸውን ይዘው እስከ ግቢው በር ጎተቷቸውና ሊያስወጧቸው በሩን ከፈቱ። ካስቱርባም እናት አባት፣ ዘመድ አዝማድ በሌለበት አገር ወዴት እንዲሄዱ እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው፤ እንደማያፍሩም ነገሯቸው። ጋንዲ አፈሩ፤ በሩንም ዘጉ።

ይህን የምናውቀው ጋንዲ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሳይደብቁ ስለ ጻፉት ነው። አበው «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚሉት ነገር በእርሳቸውም ላይ ነበረ ማለት ነው። ለተናቀ ሰው ጥብቅና ሲቆሙ ሚስታቸውን ናቁ። ከዚያ ቀን ያተረፉት ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሰውን ጎትተው ቅን ሊያደርጉት እንደማይቻል ተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1915 ወደ ሕንድ ተመልሰው በአህመዳባድ አጠገብ የኅብረት መኖሪያ ባቋቋሙ ጊዜ፣ «ከማይነኩት» ወገን የሆኑ ባልና ሚስት ትንሿን ልጃቸውን ላክሽሚን ይዘው ለመኖር መጡ። ጋንዲም ተቀበሏቸው። ወዲያው ገንዘብ ይረዱ የነበሩ ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በጉድጓዱ ውኃ የሚቀዳውም ሰው እንረክሳለን ብሎ ይሰድባቸው ጀመር። ካስቱርባም ቅር ብሏቸው ነበር። ጋንዲ አልተሳደቡም፣ እንግዶቹንም አላስወጡም። ስድቡን ችለው ውኃ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ተሳዳቢውም ሰው መልሰው እንደማይሰድቡት ባየ ጊዜ አፍሮ ተወ። ገንዘቡ ሊያልቅ በተቃረበበት ሰዓት ስሙን ያልገለጠ አንድ ሰው 13,000 ሩፒ ሰጥቷቸው ሄደ። ኋላም ባልና ሚስቱ ላክሽሚን እንደ ልጃቸው ተቀበሏት።

እዚህ ላይ የከተማ አንባቢዎቻችን «ይህ የካፋና የሕንድ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ እንለምናችኋለን። ለቤት ሠራተኛዋ ሳህንና ብርጭቆ ለብቻው የሚቀመጥባቸው ቤቶች በከተማችን የሉምን? ሸክላ የምትሠራዋን እናት፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሥራው የሚሰድብ አንደበት አልቀረልንም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ዛሬም በጀበናዋ ቡና እየጠጣን የጀበናዋን ሠሪ «ቡዳ ናት» እያልን የምንሹክሽክ አለን።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ከቤት እንጀምር። ለብቻው የተቀመጠ ሲኒ፣ ሳህን ወይም ብርጭቆ ካለ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀል። ማንንም መስበክ አያስፈልግም፤ ልጆች ሲያዩት ይበቃል። ልጅ «እማዬ፣ እርሷ ለምን ቤት አትገባም?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ «ዝም በል» አትበሉት፤ ተረትም አትፍጠሩለት። «ለብዙ ዘመን የበደልናት ሰው ስለ ሆነች ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ትገባለች» በሉት። በልጅ ፊት ጥፋትን ማመን የእናትን ክብር አይቀንስም።

ልጁ ሌላውን ልጅ ቢሰድብ ደግሞ በዱላ እናስተምረው አንበል። ሰውን አትናቅ ብሎ ልጅን መግረፍ፣ ያው ጋንዲ ካስቱርባን የጎተቱበት መንገድ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ሕፃኑን ይዛችሁ ወደ ሰደበው ልጅ ቤት ሂዱ፤ ይቅርታ ይጠይቅ፤ እናንተም ከዚያች እናት ቤት ቡና ጠጡ። ቡና መስጠት ቀላል ነው። ከተናቀ ሰው እጅ ተቀብሎ መጠጣት ግን የልብን መለወጥ ያሳያል።

አገልግሎትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በእድራችሁ ያልተቀበላችሁት ጎረቤት ካለ ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባ አንሡት። የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ እናቶች ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ የማንስ ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ጠይቁ። የምትሰጡት ደብተርና ልብስ በበራፍ የሚወረወር ምጽዋት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አማትና ጎረቤት ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ ምናልባትም «ከዚህ ቤት ቡና አንጠጣም» የሚሉ ይነሡ ይሆናል። አትጣሏቸው፣ አትለማመጧቸውም። ጀበናውን በሰዓቱ ጣዱ፣ ጥሯቸውም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ተብሏልና።

በካፋም ይህን አጉል ልማድ ትተው ከማንጆ ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ ቤተሰቦች አሉ። እንጨት ተሸካሚዋ ሴት በዋጫ ይሁን በአዲስ አበባ ነገ ከደጃችን ትቆማለች። ወደ ውስጥ ግቢ እንበላት፤ ከረከቦቱም ላይ ሲኒ እናንሣላት። ልጆቻችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እያዩን ናቸው።